ደህናው ሁሉ ሄዶ ይቺ ወፍ ቀረችኝ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነቃለሁ። ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የምገባበት ፈረቃ የለም፣ የምፈርመው መዝገብ የለም፣ አረፈድህ ብሎ የሚያፈጥብኝ ፎርማንም አፈር ከለበሰ ቆይቷል። ነገር ግን ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ጌሾ አለ፤ ጌሾው ላይ ወፍ አለች፤ ወፏም ገና ሰማዩ ሳይገረጣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። መዝፈን ብዬ አላከብራትም። ለቅሶ ቤት ዘግይቶ የገባ ሽማግሌ መምጣቱ እንዲታወቅለት «እህህ» እንደሚለው ያለ ነገር ነው። ከዚያ ትደግመዋለች። ትሠልሰዋለች። ያላት አምስት ስድስት ቃል ነው፤ እሱኑ እያገላበጠች እስኪነጋ ታደርቀኛለች።

በእኛ ጊዜ አቃቂን የሚቀሰቅሳት የፋብሪካ ጡሩምባ ነበር። አንዱ ሲነፋ ሌላው ይቀበለዋል። ያ ጡሩምባ ክፉ ነበር፤ ክፋቱ ግን ምክንያት ነበረው። ሲነፋ ሰው ይነሣል፣ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይወጣል፣ ወሩ ሲሞላ ደመወዙን ይቀበላል። የዚች ወፍ ጡሩምባ ከነቃሁ በኋላ የት እንደምሄድ አይነግረኝም። ቀስቅሳኝ እሷ ትሄዳለች እንዳልል ደግሞ ቀስቅሳኝ እዚያው ቁጭ ናት።

ሲነጋ ወጥቼ ሳያት የባሰ እናደዳለሁ። ይህን ያህል አፍ ያላት ወፍ ቢያንስ መልክ ይኖራታል ብሎ ሰው ይጠብቃል። የለም። ቁመቷ ስንዝር አይሞላም። ጀርባዋ አቧራ ያረፈበት ቡና ይመስላል። ጭንቅላቷ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሯል። ደረቷ ግራጫ ነው፣ ሆዷ ወደ ታች እየነጣ ይሄዳል፣ ከጅራቷ ሥር ደግሞ ጭራሽ ነጭ ነው። ስትቆጣ የአናቷ ላባ ትንሽ ቆም ይላል፤ ለመቆጣት ደግሞ ምክንያት አትፈልግም። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። ስለዚህ በየሌሊቱ የሚጮኸው ባልየው ይሁን ሚስትየዋ ሳላውቅ ነው ሁለቱንም «አንቺ» እያልኩ የምሰድበው።

እኛ ግቢ ስሟ «ወፏ» ነበር፤ ሌላ ስም አስፈልጓት አያውቅም። የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ማጥናት ከጀመረች ወዲህ ግን በግቢያችን ስም የሌለው ነገር የለም። አንድ ቅዳሜ ቁርስ ላይ ወፏን ስረግም ሰማችኝና «አባባ፣ እሷ እኮ ቡልቡል ናት» አለችኝ።

«የቡልቡላ ናት? ታዲያ እዚያው ቡልቡላ አትሄድም? ታክሲው ከዚህ ይነሣል» አልኳት።

ሳቀች። ቡልቡላ ሳይሆን ቡልቡል። ከዐረብና ከፋርስ የመጣ ቃል ነው አለች። ይባስ ብሎ፣ ፋርሶች በግጥማቸው ቡልቡል እያሉ ሲያለቅሱላት የኖሩት ወፍ ይቺ አይደለችም፤ ሌላ ናት። ያቺኛዋ ናይቲንጌል የሚሏት፣ ድምፅዋ ልብ የሚያቀልጥ፣ የአውሮፓ ብርድ ሲጠና ወደ አፍሪካ የምትወርድ እንግዳ ናት። ለካ የእኔዋ የሰው ስም ይዛ ነው የምትዞረው! ጥንቱንም ጠርጥሬ ነበር። በዚያ ድምፅ ግጥም ሊገጠም አይችልም።

እስቲ ፍረዱኝ። ከ800 በላይ ዓይነት ወፍ ባለበት አገር፣ ሌላው ሰው ግቢ ሰማያዊ አለ፣ ወርቃማ አለ፣ ጅራተ ረጅም አለ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ቢሆን ቅሬታ አስገባ ነበር። ለእኔ የደረሰችኝ ይቺ የተቃጠለች ጀበና ናት።

ስሟን ከነማብራሪያው እንድትነግረኝ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሙሉ ስሟ በላቲንና በግሪክ ተደባልቆ «ፒክኖኖተስ ባርባተስ ሾአኑስ» ይባላል። የመጀመሪያው ጀርባ ደንዳና ማለት ነው። ሁለተኛው ጢማም። ሦስተኛው የሸዋ። ጀርባ ደንዳና፣ ጢማም፣ የሸዋ! ይህ የወፍ ስም ነው ወይስ የባላባት? እኔ የሰማሁት የሟቹን አጎቴን መልክ ነው፤ እሱም እንደሷ ሌሊት ይጮህ ነበር፣ ምክንያቱ ጠጅ ቢሆንም። ጢም እንኳ የላትም። እዚህ ላይ የልጅ ልጄ ቀረብ ብላ «ጢም ባይኖራትም ፀጉር አላት» አለችኝ። የቡልቡል ዘር ሁሉ ማጅራቱ ላይ ከላባው መሀል ፀጉር የመሰለ ቀጭን ላባ ያበቅላልና ጀርመኖች «የፀጉር ወፎች» ይሏቸዋል። ራሴን ዳበስኩ። ከአርባ ዓመት በፊት የተለየኝ ነገር ከወፍ ማጅራት ላይ ተገኘ።

የሸዋ ያላት ኦስካር ኖይማን የሚባል ጀርመናዊ ነው። በምኒልክ ዘመን ከባሮን ካርሎ ፎን ኤርላንገር ጋር ከዘይላ ተነሥቶ በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገባ፤ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1905 ስሟን በወረቀት አወጣላት። እንግዲህ ይቺ ወፍ መታወቂያ ከያዘች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል ማለት ነው። እኔ ለራሴ መታወቂያ አሻራ ልሰጥ ሄጄ፣ ጣቶቼ በክር ተልገው ስላለቁ ማሽኑ «አሻራ የለህም» ብሎኝ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ወፏን ማን መለሳት?

ዘሯም እንደ ጉድ የተዘረጋ ነው። መጀመሪያ በሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1789፣ ከሰሜን አፍሪካ፣ ዴፎንቴን በሚባል ፈረንሳዊ ነው። ከዚያ ወዲህ ስትፈለግ ያልተገኘችበት የለም፤ በረሃውን ለቅቃ ደን ዳር፣ ወንዝ ዳር፣ ማሳ ዳር፣ ግቢ፣ ሆቴል፣ መቃብር ቤት፣ ዛፍና ፍሬ ካለ እሷ አለች። አፍሪካንና እስያን አንድ ላይ ከወሰድን ቡልቡል የሚባለው ቤተሰብ 150 ያህል ዓይነት አለው አለችኝ። መቶ ሃምሳ! የአንዷን አፍ መቻል አቅቶኝ።

እኛው አገር ውስጥ ያሉት እንኳ እርስ በርስ አይስማሙም። በድሮው ባቡር ከአቃቂ ጣቢያ ተነሥታችሁ ወደ ጅቡቲ ብትወርዱ፣ ደጋውን ስትጨርሱ ወፏ ትለወጣለች። ቆላ ላይ የምትጠብቃችሁ ጆሮዋ አጠገብ ነጭ ምልክት ያላት፣ የሱማሌ ቡልቡል የሚሏት ናት። ወደ ቦረና ብትወርዱ ደግሞ አንገቷ ጎን ነጭ፣ ደረቷ ላይ ዝንጉርጉር ያለች፣ ከጅራቷ ሥር ቢጫ የሆነች ሌላ አለች፤ የዶድሰን ቡልቡል ትባላለች። ዶድሰን ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ከአሜሪካዊው ከዶናልድሰን ስሚዝ ጋር በዚያ አካባቢ የተጓዘ፣ የተገደሉ እንስሳትና ወፎችን ቆዳ እየገፈፈ በጥጥ የሚሞላ ባለሙያ ነው። ወፏ የገፈፋትን ሰው ስም ተሸክማ ትኖራለች። ከዚህ በላይ ግፍ አለ?

ግን ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ወፎች የሚለዩት ከጅራታቸው ሥር ነው። የደጋዋ ነጭ፣ የቦረናዋ ቢጫ። ሰው በፊቱ ይታወቃል፤ ይቺ በመቀመጫዋ። ምሁራኑም ቢሆኑ ገና አልተስማሙም። ገሚሱ «ሁሉም አንድ ወፍ ናቸው፣ የአካባቢ ልዩነት ብቻ ነው» ይላል፤ ገሚሱ «የለም፣ ለየብቻቸው የቆሙ ናቸው» ይላል። እዚህ ክርክር ውስጥ እኔ የለሁበትም። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ዝም ያለ ነው የሚያረጅ።

ደቡብ ላይ ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸጉጣ የምትኖር ሌላ የቅርብ ዘመድ አለቻት፤ ቡናማ፣ አፋር ነገር፣ በቡድን እየዞረች የወደቀ ቅጠል የምትገለብጥ። በላቲን ስሟ ውስጥ «ጫጫታ የምታበዛ» የሚል ቃል ገብቶበታል። ያንን ስም ያወጡ ሰዎች የእኔን ጌሾ አላዩም።

ስለ ጩኸቷ በአህጉራችን ደቡብ ያሉት ሰዎች ተርጉመዋታል አሉ፤ የእነሱዋ ጥቁር ራስ ቡልቡል በእንግሊዝኛ «ሐኪም፣ ቶሎ! ሐኪም፣ ቶሎ!» ትላለች። እኔ ያንን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፌ ጨርሶ ጠፋ። ድሮ ዝም ብላ ትጮሃለች ብዬ ነበር የምናደደው። አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ የግፊት ክኒን የሚውጥ ሽማግሌ መስኮት ሥር ሐኪም ጥሩ እያለች ነው።

አሁን ወደ ዝርፊያው ልምጣ። ግቢዬ ውስጥ አንድ የዘይቱን ዛፍ፣ አንድ ኮክ፣ አጥሩ ላይ ኮሽም አለኝ። ዘይቱን እንዴት እንደሚበላ ታውቃላችሁ፤ ቢጫ እስኪል ይጠበቃል። እኔ እጠብቃለሁ። እሷም ትጠብቃለች። ልዩነታችን እሷ አንድ ቀን መቅደሟ ነው። ነገ ይደርሳል ብዬ ያደርኩት ፍሬ ጠዋት ሳየው ከወደ ላይ በኩል ማንኪያ የገባበት ይመስል ተቦርቡሯል። አንዱን ጀምራ ብትጨርስ እኮ ምን ነበረበት! ሁሉንም ትቀምሳለች። ሰርግ ቤት ገብቶ ከእያንዳንዱ ወጥ አንዳንድ ጉርሻ እንደሚል ሰው ናት። ትልም ትበላለች፣ ነፍሳትም ትለቅማለች፣ የአበባ ማርም ትመጥጣለች ይላሉ። እኔ ፊት ስትበላ ያየኋት ግን የእኔን ዘይቱን ብቻ ነው።

የበላችው ሆዷ ውስጥ ቢቀር ደግሞ ነገሩ በዚያ ባበቃ። ፍሬውን ከነዘሩ ትውጣለች፣ ሽቦ ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ትዘራለች። ከመብራት ሽቦው ሥር ያለው የአጥሬ ጥግ ላይ እኔ ያልተከልኩት ስንት ነገር በቅሏል! አንዱ የወይራ ችግኝ ነው። እውነት ለመናገር በወይራው አልተቀየምኩም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ካሉት ወይራዎች ስንቱ በወፍ ሆድ አልፎ የበቀለ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ ዲያቆን ሲተክለው አላየሁም። ሌላው የበቀለው ግን የወፍ ቆሎ ነው። ያ ግንዱ የሚቧጥጥ፣ ቅጠሉ ሲታሽ የሚከረፋ፣ አበባው ቢጫና ሮዝ እየቀላቀለ የሚያታልለው። ከአሜሪካ አህጉር ለአጥር ለጌጥ ተብሎ የመጣ ነው። አበሻ ሞኝ አይደለም፤ ስሙን ሲያወጣለት የማን ቆሎ እንደሆነ አብሮ ጽፎበታል። ጥቁሯን ፍሬ እሷ ትቆረጥማለች፣ መንቀሉ ለእኔ ለወገበ ቆራጣው ይቀራል።

የልጅ ልጄ ላጽናናህ ባይነቷ ያመጣችው ነገር ደግሞ አለ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባለሙያዎች «100 የዓለም ክፉ ወራሪዎች» ብለው ያወጡት ዝርዝር አለ። አነበበችልኝ። የወፍ ቆሎ አለበት። እምቦጭ አለበት፤ ያው አባ ሳሙኤል ግድብን ብርድ ልብስ ያለበሰው። ወፍ ደግሞ ከመቶው ውስጥ ሦስት ብቻ ነው ያለችው፤ ከሦስቱ አንዷ ቡልቡል ናት! የእኔዋ አይደለችም፤ ከጅራቷ ሥር ቀይ የሆነች፣ የህንድ አገር የአክስቷ ልጅ ናት። ሰዎች በመርከብና በቀፎ ይዘዋት ሄደው ፊጂ፣ ሳሞአ፣ ታሂቲ፣ ሃዋይ ድረስ ገብታ ገበሬ አስለቅሳለች። ሊኒየስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1766 ስም ሲያወጣላት ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ የመጣች መስሎት የአፍሪካ ስም ሰጥቷታል፤ አፍሪካን ረግጣ የማታውቀውን። ህንድ አገር ተወልዶ፣ በእኛ ስም ተጠርቶ፣ ሰው አገር ማጥፋት። ብቻ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ከመቶዎቹ ክፉዎች ሁለቱ ሰፈሬ ናቸው፣ የሦስተኛው ዘመድ ጌሾዬ ላይ ናት። ሁለት ተኩል በሉት።

«ታዲያ አባባ፣ ሁሉም ቡልቡል እንዲህ አይደለም» አለችኝ። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ አካባቢ ራሷ የገለባ ቀለም የሆነች ትልቅ ቡልቡል አለች፤ ድምፅዋ እጅግ ያማረ ነው አሉ። አምሮ ምን አገኘች? በቀፎ ሊያዘፍኗት እያጠመዱ ጨረሷት። ከጃቫ ጠፍታለች፣ ከታይላንድም ጠፍታለች፤ አሁን ደህና መጠጊያ የሆነቻት ሲንጋፖር ናት። ደቡብ ታይላንድ ውስጥ ደግሞ ጉንጯ ቀይ የሆነችውን ቡልቡል በቀፎ እያሰለፉ የዘፈን ውድድር ያደርጋሉ፤ ዳኛ ተቀምጦ፣ ነጥብ ተይዞ። እንግዲህ እዚህ ላይ የእኔዋን ብልጠት ተመልከቱ። ድምፅዋን እንዲህ ያበላሸችው አውቃ ነው። ለሽያጭ ማን ያጠምዳታል? እኔም ወጣት ሳለሁ የሠራተኛ ማኅበሩ ኪነት ቡድን ሊያስገባኝ ፈልጎ አንዴ ካዘፈነኝ በኋላ ሁለተኛ አልጠራኝም። ይኸው ሁለታችንም አለን።

ባለፈው ክረምት መውጫ ጌሾው ላይ ቤት ሠራች። ቤት ካልነው። እኔ 31 ዓመት የሽመና መኪና ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ድርና ማግ ምን እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም። መሰላል አስደግፌ አየሁት። ሥር ነው፣ ሣር ነው፣ የሸረሪት ድር ነው፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ክር ነው፤ አንዲት ቀይ ክርም አለች፤ የባለቤቴ ሻሽ ዘርፍ መሆኗን በኋላ ተረዳን። ውሉ ልቅ። ጠርዙ አልተቋጨ። ከሥር ብታየው ብርሃን ያሳልፋል። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ጨርቅ ከመኪናዬ ቢወርድ ከደመወዜ ይቆረጥ ነበር። እዚያ ላይ ሦስት እንቁላል ጣለችበት፤ ሮዝ ቢጤ፣ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለው። እንቁላሉ አያምርም ብዬ አልዋሽም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌሾዬን መንካት ተከለከልኩ። የከለከለችኝ ወፏ ብትሆን ምንም አልነበረ፤ የከለከለችኝ የልጅ ልጄ ናት። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ሁለት ሳምንት፣ ጫጩቱ እስኪወጣ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት አለች። ባለቤቴ ለሚካኤል ጠላ ልትጠምቅ ነበር። ጌሾ ግቢው ውስጥ እያለ ጌሾ ከገበያ ገዛን። ይህን ለጎረቤት ስነግረው «ለወፍ ብለህ?» አለኝ። «ለልጄ ልጅ ብዬ» አልኩት፤ እሱ ግን ወሬውን ለወፍ ብሎ ነው ያዞረው።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት እንዲህ ያለ ጩኸት አነሣች፣ የእሷ ባል መጣ፣ ሌሎች ሁለት ሦስት ወፎች ተጨመሩ፣ ጌሾውን ከብበው ምድር ቀውጢ ሆነ። እባብ ሲያዩ እንዲህ ያደርጋሉ ሲባል ሰምቼ ነበርና በውስጥ ሱሪዬ ላይ ጋቢ ጣል አድርጌ፣ ዱላዬን ይዤ፣ «ልጆቹን አስገቡ!» እያልኩ ወጣሁ። ተከራዮች ወጡ። ማዶ ያለው ጋራዥ ሠራተኛ ብረት ይዞ ገባ። እባቡ የጎረቤት ድመት ነበር። ድመቷ ሄደች፣ ወፎቹ ተበተኑ፣ ሰፈሩ ግን የእኔን ውስጥ ሱሪ አይቶ ቀረ።

የሚገርመው፣ ለድመት እንዲህ የምትነቃ ወፍ ለሌላ ነገር ሞኝ ናት። በብዙ የአፍሪካ ቦታ ጥቁርና ነጭ የለበሰች፣ አናቷ ላይ ጉትዬ ያላት አንዲት ወፍ አለች፤ ቤት አትሠራም። ቡልቡል ዞር ስትል እንቁላሏን ጎጆዋ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ቡልቡል የሰው ልጅ ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ከራሷ የሚበልጠውን ጎረምሳ ትል እያጎረሰች ታሳድጋለች። እኔ ይህን ስሰማ በሆዴ «እንኳን!» አልኩ። ማታ ላይ ደግሞ ትንሽ ከበደኝ።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ይቅር። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ደህናው ሁሉ ሄዶ እሷ ብቻ መቅረቷ ነው። ጥቅምት ጠብቶ ጤፉ ሲታጨድ፣ ሽምብራው ሲዘራ፣ ከአውሮፓና ከሩሲያ ግራጫ፣ እግረ ረጃጅም፣ ክሬን የሚባሉት ወፎች ሰማዩን በሰልፍ እየቆረጡ አባ ሳሙኤል ዳር ይወርዱ ነበር፤ ጥሪያቸው ከአንድ ኪሎ ሜትር ይሰማል። ዛሬም ይመጣሉ ይላሉ፤ የሚያርፉበት ማሳ ግን በየዓመቱ መጋዘንና ኮንዶሚኒየም ይሆናል፣ ወንዙም ከላይ ከከተማው የተጣለበትን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚደርሳቸው። እነሱስ ይሁን፣ እንግዶች ናቸው። የግቢው ትንንሾችስ? ልጅ ሆኜ፣ በኋላም ጎልማሳ ሆኜ፣ ይህ ግቢ ጠዋት ጠዋት በቀጫጭን ድምፅ ይንጫጫ ነበር። ጽድ ላይ፣ ግራዋው ላይ፣ አበባው ላይ፤ ብር ብር የሚል፣ ሲጥ ሲጥ የሚል፣ እንደ ጥሩ መርፌ የቀጠነ ድምፅ። ከስንት ዓመት ጀምሮ ጸጥ ብሏል። ጭሱ ነው፣ መኪናው ነው፣ ዘመኑ ነው እያልኩ ኖርኩ። ለሰውም ሁሉ ነግሬአለሁ፤ አቃቂ ውስጥ ወፍ አልቋል፣ የቀረችው አንዲት ጯሂ ናት።

የልጅ ልጄ አንድ ጠዋት ይህን ልደግምላት ስጀምር ዝም ብላ ስልኳን አወጣችና ጌሾው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ድምፅን ሥዕል አድርጎ የሚያሳይ ነገር ከፍታለች። ማያው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጥቁር መስመር ይሄዳል፤ ድምፅ ሲመጣ ብርሃን ይሆናል፣ ወፍራሙ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ። ወፏ «እህህ» አለች። ከታች በኩል ወፋፍራም የታጠፉ ጭረቶች ወጡ። «ይቺ እሷ ናት» አለች።

ከላይ ግን ሌላ ጭረት ነበር። ብዙ ጭረት። ቀጫጭን፣ ሰያፍ፣ ጥቅጥቅ ያለ፤ ልክ መኪና ላይ የተወጠረ ድር።

«ይህስ ምንድን ነው? ስልክሽ ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም አባባ። ይቺ ዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላት ትንሿ ናት። ይቺኛዋ አበባ መጣጯ። እዚያ ጽዱ ላይ ያሉት ደግሞ ዘር ለቃሚዎቹ ናቸው፣ አምስት ስድስት ይሆናሉ። አሁንም እየዘፈኑ ነው።»

ጽዱን አየሁት። ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ድምፅ የለም።

ያኔ ነው የነገረችኝ። የሰው ጆሮ ብዙ ዓመት በጫጫታ ሲመታ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ 4000 ሄርትዝ አካባቢና ከዚያ በላይ። የትንንሾቹ ወፎች ዜማ ያለው እዚያ ነው። የቡልቡል ድምፅ አብዛኛው ከዚያ በታች፣ ወፍራሙ ላይ ነው። የሽመናው አዳራሽ ትዝ አለኝ፤ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ሲጋጭ፣ መቶ መኪና አንድ ላይ ሲያንቋቋ፣ ጆሯችን ውስጥ ጥጥ ወትፈን በእጅና በከንፈር ስንነጋገር። ጥጡ ይበቃል ብለው ነበር። እኛም ይበቃል ብለን ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያሉት?» አልኳት።

«የትም አልሄዱም እኮ።»

ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና ሰምታ ኖሮ «እኔን የማይሰማኝስ በየትኛው ሄርትዝ ነው?» አለች። እሷን ደህና አድርጌ ነው የምሰማት፤ የማልመልሰው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ማንን እንደማኮርፍ ባላውቅም አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ያቺ እንደ ልማዷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ተነሣሁ። ጋቢዬን ለበስኩ፣ የልጅ ልጄ የጫነችልኝን ነገር በስልኬ ከፈትኩ፣ በርጩማዬን ከጌሾው ሥር አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ጨለማ ነው። መጀመሪያ የታየው የእሷ ወፍራም ጭረት ብቻ ነበር። እየነጋ ሲሄድ ከላይ አንዲት ቀጭን ጭረት ብቅ አለች። ሁለት ሆነች። ከዚያ ከዚህም ከዚያም እየተጨመረ ድሩ ተወጠረ። ዓይኔን ከማያው ሳልነቅል፣ መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አውርጄ፣ ይቺ የጽዱ ናት፣ ይቺ የአበባው ናት እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ።

ሰባት ላይ ስደርስ ወፏ ከአናቴ በላይ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ሆና ጩኸቷን ለቀቀችው። ማያው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ። ቁጥሬ ጠፋኝ።

«አንቺ! እስቲ አንዴ አፍሽን ያዢና ሌሎቹን ልይበት!» አልኳት፣ ዱላዬን እያነሣሁ።

አልበረረችም። ዞር ብላ ነጩን መቀመጫዋን አሳየችኝ።